የጌጥ ሣርና የፍሬ ዛፍ በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ

ልዑል እግዚአብሔር በሦስተኛው ቀን፣ ይኸውም በዕለተ ሠሉስ፣ ምድር ዕፅዋትን እንድታስገኝ ባዘዛት ጊዜ ሦስት ወገን ሆነው እንደ ወጡ መምህራን ሲያስተምሩን ኖረዋል። አንደኛው በጣት የሚለቀም፣ ሁለተኛው በማጭድ የሚታጨድ፣ ሦስተኛው በምሳር የሚቈረጥ ነው። ይህን ትምህርት በልጅነታችን ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠን ስንቀበል ቍጥሩን ከመያዝ በቀር ብዙ አላስተዋልነውም ነበር። ዛሬ ስንመለከተው ግን አባቶች ዕፅዋትን የከፈሉት በመልካቸው ወይም በቁመታቸው ሳይሆን የሰው እጅ ወደ እነርሱ በሚዘረጋበት አኳኋን መሆኑን እናያለን። በመቀስ ብቻ የሚከረከም አራተኛ ወገን መኖሩን ግን ከየኔታ አልሰማንም፤ ይህንንም የምንለው ለፈገግታ ያህል ነው እንጂ መቀስን ለመንቀፍ አይደለም።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን ነገር በምናገለግልበት ደብር የሆነ ነው። በምዕራብ በኩል ካለው በር አጠገብ፣ ነዳያን በሰንበትና በበዓል ቀን ተሰልፈው ከሚቀመጡበት ቅጥር ሥር፣ ሳይታረስና ሳይተከልበት የኖረ ጠባብ መሬት አለ። ሰበካ ጉባኤው ይህን ስፍራ ለማልማት በተሰበሰበ ጊዜ ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አንዱ ወገን ከደቡብ አሜሪካ ሜዳ የመጣውን፣ ፓምፓስ የሚባለውን ረጅም የጌጥ ሣር እንትከል አለ። ሁለተኛው ወገን ኮክ እንትከል አለ።

የፊተኞቹ ነገር በማስረጃ የተደገፈ ነበርና ልናቃልለው አይገባንም። ይህ ሣር በአጭር ጊዜ ከሰው ቁመት በላይ ይሆናል፤ እንደ ነጭ ላባ ያለ ዘለላ አውጥቶ ለብዙ ወራት ያጌጣል፤ አንዴ ሥር ከሰደደም ድርቅን ይችላልና ብዙ ውኃ አይሻም። ፍሬ ስለሌለው የሚሰርቀው የለም፤ ልጆችም ድንጋይ አይወረውሩበትም። የሚነቀፍበት ነገር አለ፤ የቅጠሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ እጅን ይቈርጣል፤ ደረቅ ቅጠሉም ከሥሩ ተከማችቶ እሳት የሚቀበል ነው። ዘሩን ነፋስ እየወሰደው በኒው ዚላንድ፣ በደቡብ አፍሪካና በስፔን አገር ከአትክልት ስፍራ ወጥቶ አረም እስከ መባል ደርሷል። ኮክ ደግሞ ደጋን የሚወድ ቢሆንም ከዘሩ ለበቀለ ተክል ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ያስፈልገዋል፤ ትል ይገባበታል፣ ቅርንጫፉ ይሰበራል፣ ልጅም ይወጣበታል።

እኛ በዚያን ቀን ከሣሩ ወገን ነበርን። ስለ ንጽሕናና ስለ ቤተ ክርስቲያን ክብር ብዙ ተናገርን፤ ንግግራችንም ተደማጭነት አግኝቶ ነገሩ በሣሩ ሊወሰን ቀረበ። ከጉባኤው ወጥተን ስፍራውን በእግራችን ስንለካ ከነዳያኑ ጋር የሚቀመጡ አንዲት አሮጊት መነኵሲት፣

«አባታችን፣ ይህን ሣር ማን ይበላዋል?» ብለው ጠየቁን።

«እማሆይ፣ ለመብል አይደለም፤ ለዐይን ነው» አልናቸው።

«እንግዲያውስ ዐይን ላለው መልካም ነው፤ እዚህ ከጎኔ ካሉት አራቱ አያዩም» አሉን።

በቍጣ አልተናገሩትም። እንደ ወትሮው መስቀል ተሳልመው ወደ መቀመጫቸው ተመለሱ። እኛ ግን ያን ሌሊት ቃላቸው አላስተኛንም፤ ማለዳም ኪዳን ቆመን ሳለ አልለቀቀንም።

ይህን በመናገራችን ሣርን የናቅን አይምሰላችሁ። ፈጣሪ ለእንስሳት ምግብ ይሆን ዘንድ ሣርን አበቀለ፤ ጌታችንም ዛሬ ታይቶ ነገ ወደ እሳት የሚጣለውን የሜዳ ሣር እግዚአብሔር እንዴት አድርጎ እንደሚያለብሰው አስተምሯል። እንዲያውም ቅዱስ ማርቆስ ጌታ አምስት ሺህ ሰዎችን በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ በመገበበት ቀን ሕዝቡ በለመለመ ሣር ላይ እንዲቀመጡ ማዘዙን ጽፎልናል። ወንጌላዊው የሣሩን ልምላሜ ሳይቀር ማንሣቱ እጅግ ያስደንቀናል። ያ ሣር የተራቡ ሰዎች መቀመጫ ሆኖ ከበረ፤ በላዩም እንጀራ ተቈረሰበት። በአገራችንም በበዓል ቀን ቄጠማ እንጐዘጕዛለን፤ የሚጐዘጐዘው ግን ሰው እንዲመጣና እንዲቀመጥ ነው። እኛ ልንተክለው የነበረው ሣር ግን ሰው የማይቀመጥበት፣ የነካውንም እጅ የሚቈርጥ ነበር። በእውነቱ ከሆነ፣ ከጉባኤው አንዳንዱ ደስ ያለው በዚህ ነበር፤ ነዳያኑ ቀስ በቀስ ከቅጥሩ ሥር ይነሡልናል ብሎ። በአፍ የተናገረው ሰው አልነበረም፤ እኛም ብንሆን በልባችን አልጠላነውም።

ስለ ፍሬ ዛፍ ኦሪት የምታዘንን እናስተውል። እስራኤል አንዲትን ከተማ ከብበው ብዙ ቀን ቢዋጉ እንኳ ፍሬዋ የሚበላውን ዛፍ በምሳር እንዳይቈርጡ በዘዳግም ሃያኛው ምዕራፍ ታዘዋል። ጦርነት ሁሉን ነገር በሚያስረሳበት ሰዓት ዛፉ እንዲታሰብ መደረጉ ትልቅ ነገር ነው። አባቶቻችንም ይህን ሥርዓት በሥራ ጠብቀውታል። በጣና ዳር በዘጌ እነ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን የከበበው ደን ለዐይን ያማረ ቢሆንም በጥላው ሥር ቡና ይለቀማል። በዋልድባ እህል የማይቀምሱ አበው ከሙዝ የሚሰናዳ ቋርፍ እየተመገቡ በጸሎት ይኖራሉ። በየገጠሩ ደብር ከጽዱና ከወይራው መካከል የቆመው ዋንዛ እንኳ ቢጫ ፍሬውን ለወፍና ለእረኛ ልጅ ይጥላል። እነዚህን ስፍራዎች ያየ ሰው ውበትና ጥቅም ተጣልተው የሚኖሩ ናቸው ሊለን አይችልም።

የተማሪነታችንንም ዘመን እናስታውሳለን። የቆሎ ተማሪ የሚቸገረው በክረምት ነው። ጎተራ ይጎድላል፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው እህል ስለሚያጥራቸው በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ለሚለምን ልጅ የሚወጣው ቁራሽ ያንሳል፤ በዚያ ላይ ወንዙ ይሞላል፣ ውሻውም አይምርም። ኮክ የሚደርሰው በዚሁ በክረምት ነው። እኛ ቅኔ በምንቈጥርበት አገር ከመቃብር ቤቱ ጀርባ አንድ ያረጀ ኮክ ነበረ፤ ማን እንደ ተከለው የሚያውቅ አልነበረም። በጾመ ፍልሰታ ከቅዳሴ በኋላ የወደቀውን ለቅመን ጎጆአችን ውስጥ እንካፈለው ነበር፤ ጎምዛዛ ነው፣ ግማሹም ትል የበላው ነው። ዛሬ በዚህ ዕድሜያችን ስለ ቤተ ክርስቲያን ክብር ስንናገር ያን ዛፍ መርሳታችን አሳፍሮናል።

ነገር ግን የፍሬ ዛፍን ማመስገን ብቻውን አይበቃም፤ ለካህናት የሚያስፈራ ነገር አለበትና። በሕማማት ሰኞ የምናስበው መርገመ በለስ ነው። ጌታችን በቢታንያ መንገድ ተርቦ ሳለ ቅጠል የለበሰችውን በለስ ቀርቦ አያት፤ ከቅጠልም በቀር ምንም አላገኘባትም፤ ረገማትም። በመንገዱ ዳር ሣር አልነበረምን? ነበረ እንጂ። ሣሩን ግን ፍሬ አልጠየቀውም፤ ከቶ ፍሬ አለኝ አላለምና። የተረገመችው ተስፋ ሰጥታ ባዶ የተገኘችው ናት። እንግዲህ ቀሚስና ጥምጥም፣ መስቀልና ማዕርግ ቅጠል ናቸው፤ የተራበ ሰው ከሩቅ አይቶ የሚቀርበው ፍሬ ይኖራል ብሎ ነው። ከእኛ ከሚጠየቀው ነገር ልናመልጥ ብንፈልግ ኖሮ ሣር ሆነን መቅረት በቀለለን ነበር፤ ነገር ግን በተቀባንበት ቀን ዛፍ ሆነናል።

ደግሞም አንድ የተሰወረ ምክንያታችንን እንናዘዝ። ኦሪት ዘሌዋውያን የተተከለ የፍሬ ዛፍ እስከ ሦስት ዓመት እንዳይበላ፣ በአራተኛው ዓመት ፍሬው ለእግዚአብሔር የተቀደሰ እንዲሆን፣ በአምስተኛው ዓመት እንዲበላ ታዛለች። አምስት ዓመት ረጅም ነው። የደብር አስተዳዳሪ ይዛወራል፤ የሰበካ ጉባኤ አባላትም ዘመናቸውን ጨርሰው በሌሎች ይተካሉ። ሣሩ በእኛ ዘመን አድጎ፣ ለንግሥ የሚመጣው እንግዳ አይቶ፣ ይህን ማን አስተከለው ብሎ ይጠይቃል። ኮኩ ግን ሌላ ሰው በተሾመበት ዘመን ያፈራል፤ የሚበላውም ልጅ ስማችንን አያውቅም። ሣሩን የወደድንበት ሥሩ ይህ እንደ ነበረ ራሳችንን ስንመረምር አገኘነው። ያን ከመቃብር ቤቱ ጀርባ የነበረውን ዛፍ የተከለው ሰውም እንደ እኛ ቢያስብ ኖሮ በዚያ ክረምት ምን በበላን ነበር?

በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥተን የተናገርነውን እንደ ተውን፣ የመነኵሲቲቱንም ጥያቄ ሳንጨምር ሳንቀንስ ነገርን። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ልጆቹ በድንጋይ የቤተ ክርስቲያኑን መስኮት ይሰብሩታል አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ሊሰበር ይችላል። በመጨረሻ ስድስት የኮክ ችግኝ እንዲተከል፣ ለነዳያኑም ከጎኑ የድንጋይ መደብ እንዲሠራ ተወሰነ። ሣሩን የወደዱትን ላለማሳዘን በበሩ ማዶ፣ ሰው በማይቀመጥበት ጥግ፣ ከአገራችን ጠጅ ሣር ጥቂት ተከልን፤ ሽታው መልካም ነው፣ ለበዓልም ይጐዘጐዛል።

ችግኞቹን በሐምሌ ተከልን። በመጋቢት ድርቅ ሁለቱ ደረቁ፤ አንዱን የጎረቤት ፍየል ቅጥሩን ዘልላ በላችው። የቀሩትን ሦስቱን በእሾህ አጥረናቸዋል። ውኃ የሚያጠጡት የአብነት ተማሪዎች በተራ ናቸው፤ ተራ ያልደረሳቸውን ቀን ግን እማሆይ ከጠበላቸው ቅል የተረፈውን ያፈሱባቸዋል። በመጪው ክረምት በደረቁት ምትክ ሌሎች ሦስት እንተክላለን፤ ችግኝ የሚሰጠን ሰው ተገኝቷል፣ የቀረን ፍየሊቱን የሚያሳስር ነው።