ስላማረ ሥራና ስለ ሠሪው በደል

ምስጋና ለአላህ ይገባው፤ ሰላምና እዝነት በነቢዩ ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፥ አንባቢ ወንድሜ ሆይ፥ ሥራው ያማረ ሰው ሁሉ ጠባዩ ያማረ እንዳልሆነ ዕወቅ። ግጥሙ ልብ የሚያለሰልስ ገጣሚ የጎረቤቱን ድንበር ገፍቶ ይገኛል፤ ድምፁ ሌሊቱን የሚያሳጥር መንዙማ አውጪም የየቲም ገንዘብ በልቶ ይገኛል። ይህን የሰማ ሰው፥ «የወደድሁትን ልጥላው ወይስ በደሉን እንዳልሰማሁ ልሁን?» ብሎ ይጨነቃል። ሁለቱም ግን ከሚዛን የወጣ ነው።

የሰቂፉ ባለቅኔ ኡመያ ኢብን አቢ ሰልት ነቢዩን ሳይቀበል የሞተ ነው። ሆኖም በሙስሊም የሐዲስ መጽሐፍ እንደ ተዘገበው፥ ሸሪድ የተባለው ሰሓባ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኋላ ተፈናጥጦ ሲሄድ ከኡመያ ግጥም የሚያውቀው እንዳለ ጠየቁት። ባሰማ ቍጥር እንዲጨምር እያዘዙ እስከ 100 ቤት ድረስ አዳመጡ። የሰውየው እምቢተኝነት የቃሉን እውነት አላጠፋውም፤ የቃሉም ውበት እምቢተኝነቱን እምነት አላደረገውም።

ከአገራችን ምሳሌ ብትሻ፥ ከመካነ ሰላም በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለውን መቅደላን ተመልከት። በአምባው ላይ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ እስከ ዛሬ አለ። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት በአውሮፓውያን ባለእጆች አሠርተው፥ ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል የሚደርሰውን መድፍ በገደሉ መንገድ አስጠርገው፥ በብዙ ሰው ጉልበት እያስጎተቱ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ አደረሱት። ያየው ሁሉ ይደነቃል፤ መደነቁም ነውር የለበትም። ነገር ግን በዚያው አምባ በ1857 ዓ.ም.፥ ምኒልክ አምልጠው ወደ ወሎ በሄዱ ጊዜ፥ ንጉሡ በቍጣ የወይዘሮ ወርቂትን ልጅና ሌሎች የወሎ ታጋቾችን አስገደሉ። መድፉን ለልጁ የሚያሳይ አባት ሁለቱንም ይንገረው። ብልሃቱን ብቻ የነገረ የሟቾቹን ሐቅ ሸሸገ፤ ግፉን ብቻ የነገረም የባለእጆቹንና የጎተተውን ሕዝብ ድካም አስቀረ።

ምናልባት፥ «ሥራውን ካከበርን በዳዩን አላከበርነውምን?» ትል ይሆናል። መልሱ የሞተውን በሕይወት ካለው በመለየት ይገኛል። የሞተው ሒሳቡ ከጌታው ዘንድ ነው፤ ከአድናቆትህ አንዳች አያተርፍም። በሕይወት ያለው ግን ከግብዣህ ይበላል፥ ከምስጋናህም ጋሻ ያበጃል። የየቲም ገንዘብ ያልመለሰውን አውጪ በሰርግህ ከመደብ አስቀምጠህ ብር ብትሸልመው፥ የተበደለው ልጅ ከደጅ ቆሞ ምን ይላል? ዜማውን ውደድ፥ ለልጆችህም አስተምር፤ ሰውየውን ግን ሐቁን እስኪመልስ ድረስ ከክብር ቦታ አታስቀምጠው። መልሶ ከተጸጸተም በር አትዝጋበት፤ ነቢዩን በግጥሙ የነቀፈው ካዕብ ኢብን ዙሀይር ተጸጽቶ በመጣ ጊዜ ምሕረት አግኝቷልና።

ነጋዴ ሆይ፥ ይህ ሒሳብ ለአንተ እንግዳ አይደለም። ማሩ ጣፋጭ ስለ ሆነ የሻጩን ዕዳ ከመዝገብህ አትሰርዝም፤ ሻጩ ባለ ዕዳ ስለ ሆነም ማሩ መራራ ነው አትልም። እንዲሁም የሰውን ሥራ በሥራው፥ በደሉንም በበደሉ መዝን፤ አንዱን ለሌላው መክፈያ አታድርገው።

አላህ ያማረውን ያማረ፥ ግፉንም ግፍ ብሎ የሚጠራ አንደበት ይስጠን። አሚን።