ስለ ተጨመረው ነጥብ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በወልድያ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ስሜን ፈለግሁ። ስሜ በሁለተኛው ተራ ተጽፏል፤ የሚቀጠረው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። በፈተናው እኔ በሁለት ነጥብ እበልጥ ነበር፤ ነገር ግን ተወዳዳሪዬ ሴት ስለ ሆነች ሦስት ነጥብ ተጨምሮላት ቀደመችኝ።

ወጣቶች አንባቢዎቼ ሆይ፥ ልቤ ምን ያህል እንደ ተቃጠለ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ወደ መርሳ በሚሄደው መኪና ተሳፍሬ፥ «ሴቶችን የበደልኋቸው እኔ ነኝን?» እያልሁ ራሴን እጠይቅ ነበር። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ አለቃ አድርጎ ሚስት ሕጋዊ በሆነው ትእዛዝ ሁሉ እንድትታዘዘው ሲደነግግ አባቴ ገና ሕፃን ነበር፤ በ1992 ዓ.ም የፌዴራሉ የቤተ ሰብ ሕግ ይህን ሲሽረው ደግሞ እኔ ገና ደብተር አልያዝሁም። ታዲያ አያቶች የበሉትን ዕዳ የልጅ ልጅ የሚከፍለው በምን ፍርድ ነው?

ጥያቄው የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ቆይቼ ተረዳሁ። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2015 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን መመዘኛ እንዳያደርጉ ፈረደ፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም ደግሞ ከብዙኃኑ ወገን የሆነ ሠራተኛ አድልዎ ደረሰብኝ ብሎ ሲከስ ከሌላው የበለጠ ማስረጃ እንዳይጠየቅ ወሰነ። ስለዚህ የተቃጠለውን ሰው ሁሉ ቅናተኛ ብሎ ማለፍ አይገባም።

የእኛን አገር ሕግ ግን በሚገባ ማንበብ ያስፈልጋል። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ35ኛው አንቀጽ ሴቶች ካለፈው በደል የተነሣ የድጋፍ እርምጃ እንደሚገባቸው ይናገራል። በ1999 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ደግሞ ለሴቶች፥ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ቁጥራቸው ላነሰ ብሔረሰቦች ተወላጆች ቅድሚያ የሰጠው ውጤታቸው ከሌላው ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ሲሆን ነው። ያልተማረውን ሰው ሐኪም አድርጉት አላለም። (ዘመድ ላለው ሰው ያለ አንዳች አዋጅ ሃያ ነጥብ ሲጨመርለት በሰሌዳ ፊት የሚቃጠል ሰው ብዙ አላየሁም። እኔም ተቃጥዬ አላውቅም።)

ወደ ነገሬ ልመለስ። ያን ዕለት ማታ መርሳ፥ ከታላቅ እህቴ ቤት ገባሁ። በሀብሩ ገጠር ስናድግ ውሃ የምትቀዳው፥ እንጨት የምትለቅመው እርሷ ነበረች፤ እኔ ከዛፍ ጥላ ሥር ደብተሬን ዘርግቼ አነብባለሁ። በስሌት ከእኔ ትበልጥ ነበር፤ ሆኖም አራተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ተዳረች። ቡና እያፈላች ብሶቴን ሁሉ ሰማችኝና፥

«አንተዬ፥ ለልጅቱስ ውሃ ማን ይቀዳላት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እኔ ምን አውቄ፥ እትዬ» አልኋት።

የእኔን ውሃ ማን እንደ ቀዳ ግን ሁለታችንም እናውቃለን። የእኔ ነው ብዬ ከምኮራበት ውጤት ውስጥ ስንቱ የእርሷ ጀሪካን ነው? ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ሌላ ችግር አለ። ዕዳ ያለብኝ ለእህቴ ሲሆን የተከፈለው ለማላውቃት ሴት ነው፤ ያችም ሴት ምናልባት በከተማ ተወልዳ ቧንቧ በግቢዋ እየፈሰሰላት የተማረች ትሆናለች። ሦስቱ ነጥብ ሴት መሆንን ያያል እንጂ ጀሪካኑን አያይም። ይህን ጉድለት መካድ አልችልም። ነገር ግን የእያንዳንዱን ተፈታኝ የልጅነት ሸክም የሚመዝን ፈታኝ ከየት ይገኛል? ሸክሙ በትክክል ካልተመዘነ ሁሉ እንደ ነበረ ይቅር ብንልስ፥ የሚጠቀመው እንደ እኔ ከጥላ ሥር ያነበበው ነው። ስለዚህ ጎርበጥ ያለውን ሚዛን፥ ቅር እያለኝም ቢሆን፥ እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ውሃ አለቀ። እህቴ ወደ ጓዳ ተጣራች፤ ቢጫውን ጀሪካን አንሥታ የወጣችው ስምንተኛ ክፍል የምትማረው ልጇ ነበረች። ወንድሟ ለፈተና እያጠና ስለ ነበር ማንም አልጠራውም፤ እኔም አልጠራሁትም።