ስም ለእውነት ወይስ ለሕይወት?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። ለባክቴሪያ ግን ስም የሚያወጣው ሰው ነው፤ ሰውም በሥራው ይጠየቃል።

እ.ኤ.አ. በ1894 አሌክሳንደር የርሲን ሆንግ ኮንግ ላይ ያገኘው የቸነፈር ባክቴሪያ የኋላ ኋላ በስሙ «የርሲኒያ ፔስቲስ» ተባለ። በ1980 የታተመ የዲ.ኤን.ኤ ጥናት ግን ከ«የርሲኒያ ሱዶቱበርኩሎሲስ» ጋር አንድ ዝርያ መሆኑን አሳየ። ይህኛው በአብዛኛው የሆድ ሕመም ቢያስነሣ ነው፤ ቸነፈር ግን በጊዜ ካልታከመ ይገድላል። ደንቡ ቀድሞ ለወጣው ስም ያደላልና ቸነፈሩ በዘመዱ ስም ሥር እንደ ንዑስ ዝርያ ይጠራ የሚል ሐሳብ ቀረበ። የባክቴሪያን ስያሜ የሚዳኘው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን በ1985 ሐሳቡን ውድቅ አደረገው፤ በስም መመሳሰል የሚመጣ ስሕተት የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላልና።

ታዲያ እውነት ለጥቅም ተሸጠች እንበል? አይመስለኝም። የሁለቱ ዝምድና አልተደበቀም፤ ተጽፎ ለሁሉም ክፍት ነው። ስም የዕውቀትን ሁሉ ሸክም አይችልም፤ ሰዎች ሳይሳሳቱ እንዲግባቡ የተስማሙበት ምልክት ነውና።

የሚያሰጋው ሌላ ነው። «ለሕዝብ ደኅንነት» እያለ እውነትን የሚሸሽግም ይህንኑ ምክንያት ይጠቅሳል። ሁለቱን መለየት ግን አያስቸግርም፤ ኮሚሽኑ ስሙን ሲያቆይ ውሳኔውን በይፋ አሳትሟል፣ ግኝቱንም አልነካም። ስለ ደኅንነት ብሎ ስም የሚመርጠውን እንመነው፤ ስለ ደኅንነት ብሎ ማስረጃ የሚደብቀውን ግን እንጠይቀው።