ዕድሜ የማን ነው?

በልደታ ኮንዶሚኒየም ከፎቆቹ ሥር ባሉት ሱቆችና ካፌዎች መስታወት ላይ የሚለጠፉትን የሥራ ማስታወቂያዎች ቆም ብሎ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። አስተናጋጅ ትፈለጋለች፤ ዕድሜ ከ18 እስከ 25። ካሸር ይፈለጋል፤ ዕድሜ ከ30 ያልበለጠ፣ ጉርድ ፎቶግራፍና የመታወቂያ ኮፒ ይዞ የሚቀርብ። (ዕድሜው ከ25 ያልበለጠ፣ የ5 ዓመት ልምድ ያለው የሚልም አይጠፋም፤ በስንት ዓመቱ ሥራ እንዲጀምር እንደ ታሰበ የሚያውቀው ለጣፊው ብቻ ነው።) እኛ ወጣቶች ይህን ስናነብ ብዙም ቅር አይለንም፤ በሩ የተከፈተው ለእኛ ነውና። ይሁንና ቀጣሪው የሰውን ዕድሜ የማወቅ መብት ያገኘው ከየት ነው?

በከፊል ከሕግ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ 18 ያልሞላውንም ከሌሊት ሥራና ጤናውን ከሚጎዳ ሥራ ይጠብቀዋል። ለዚህ የሚበቃው መልስ ግን «18 ሞልቶኛል» የሚለው ነው። ከዚያ በላይ 27 ይሁን 42፣ ከልጆች ጥበቃ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ታዲያ ቁጥሩ ለምን ተፈለገ? በእኔ አስተያየት ቁጥሩ የሚጠየቀው በሌሎች ጥያቄዎች ፈንታ ነው። አንዲትን የ34 ዓመት ሴት «አግብተሻል ወይ? ልጅሽ ሲታመም ትቀሪያለሽ ወይ? ደግሞስ ልትወልጂ ታስቢያለሽ ወይ?» ብሎ ፊት ለፊት ለመጠየቅ የሚያፍር ቀጣሪ፣ ዕድሜዋን ብቻ ጠይቆ የቀረውን በልቡ ይሞላዋል። የ50 ዓመቱንም ጎልማሳ «ጉልበቱ ደክሟል፣ ለማዘዝም አይመችም» ብሎ ሳይነግረው ያሰናብተዋል። እንግዲህ በዕድሜ ማግለልና የሰውን ገመና መመርመር ሁለት በደል መስለው ይታያሉ እንጂ አንድ ናቸው። ሴትዮዋ እንዳትከራከር ጥያቄው አልቀረበላትም። ጉልበት የሚሻ ሥራ ከሆነ ደግሞ ኩንታሉን አሸክሞ ማየት ይቻላል።

«በአገራችን ዕድሜ መቼ ምስጢር ሆኖ ያውቃል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የብዙ ሰው ልደት የሚታወቀው «አብዮቱ የፈነዳ ዓመት» ወይም «በ77 ድርቅ ጊዜ» እየተባለ በጎረቤት አፍ ነበር። ነገር ግን ያቺ ጎረቤት ልደቱን ያወቀችው እናቲቱ ስታምጥ አብራ አድራ፣ ገንፎውንም አገንፍታ ነው። ልጁ ቢታመምም ቀድማ የምትደርሰው እርስዋ ነበረች። ቀጣሪው ግን ቁጥሩን ይወስዳል እንጂ ለባለቤቱ የሚገባለት ነገር የለም። ያልቀጠራቸው ሰዎች የመታወቂያ ኮፒ የት እንደሚደርስ እንኳ ማን ይጠይቃል? ቆሎ የተጠቀለለበትን ወረቀት ዘርግቶ ያነበበ ሰው ይገምተው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በእኩልነት አንቀጹ ዘርን፣ ፆታን፣ ሃይማኖትን ሲዘረዝር ዕድሜን በስም አይጠራም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1967 የወጣው የአሜሪካ ሕግ 40 ዓመት የሞላውን ሰው በዕድሜው ምክንያት ሥራ መከልከልን ይቃወማል፤ ዕድሜን መጠየቁን ግን በራሱ አይከለክልም። የእኛ መንገድ ምናልባት በሌላ በኩል ይመጣ ይሆናል። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ለታወቀ ዓላማ፣ ለዚያም በሚበቃው መጠን ብቻ እንዲሰበሰብ ይላል። ለአስተናጋጅነት የልደት ቀን ምን ያህል ይበቃል?

የልደት ቀን የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም አልልም። የግል ድርጅት ሠራተኛም በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣልና ለጡረታ ምዝገባ ቀኑ መጻፍ አለበት። ያ ቅጽ ግን የሚሞላው ሰውየው ከተቀጠረ በኋላ ነው።