ምግባርና ግብር

በግዕዝ «ገብረ» ማለት ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው። «ምግባር»ም «ግብር»ም ከዚሁ ሥር ይወለዳሉ። በአማርኛ ግን ሁለቱ በየፊናቸው ሄደው፣ ምግባር የኅሊና፣ ግብር የመንግሥት ጉዳይ መስለው ይታያሉ። ዳግመኛ ከሚገናኙባቸው ስፍራዎች አንዱ የግብር አማካሪው ጠረጴዛ ነው።

እንደ ሞያሌ ባለች፣ ድንበር ለሁለት በከፈላት ከተማ ይህ ጠረጴዛ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የተመረቀው የጋራ ድንበር ጣቢያ የዕቃውን ጉዞ አቀለለ እንጂ ሁለቱን የግብር ሕጎች አንድ አላደረገም። በኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት የሽርክና ማኅበር ራሱን ችሎ ከትርፉ 30 በመቶ ይከፍላል። በኬንያ ግን ማኅበሩ የገቢ ግብር አይከፍልም፤ ትርፉ ለሸሪኮቹ ይከፋፈልና እያንዳንዱ በየስሙ ይከፍላል። የግለሰቡ ምጣኔ ከ10 በመቶ ተነሥቶ እስከ 35 በመቶ ስለሚደርስ፣ ትርፉ ለብዙ ስሞች ሲበተን ጠቅላላው ግብር ይቀንሳል።

ፈተናው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሚስት በሱቁ ከዋለች፣ ገንዘቧንም ካዋለች፣ በሽርክናው ትግባ ማለት ቀና ምክር ነው። ሱቁን በዓይኗ አይታ የማታውቅ አክስት ግን በወረቀት ሸሪክ ሆና፣ ትርፉ ተመልሶ ወደ አንድ ኪስ ከገባ፣ ውሉ ያልሆነውን ሆነ ብሏል።

አማካሪው መከራከሪያ አያጣም። «የምከፈለው ከደንበኛዬ ነው፤ መንግሥት የራሱ ሠራተኞች አሉት» ይላል። ነገሩ ከፊል እውነት አለው። ማንም ሕግ ከጠየቀው በላይ የመክፈል ግዴታ የለበትም፤ አማካሪም የደንበኛውን ምሥጢር የሚያወጣ ጠቋሚ አይደለም። ነገር ግን በሽርክና ውስጥ ደንበኛው ማን ነው? በኬንያ ሸሪክ ግብር የሚጠየቀው በድርሻው ነው፤ ገንዘቡን ወሰደም አልወሰደም። ስለዚህ ስሟን ያዋሰችው አክስት ያልበላችውን ዕዳ ትከፍላለች። ዕቅዱ የተሠራው አማካሪውን ለቀጠረው ሰው ነው፤ አደጋው ግን የወደቀው ቢሮውን በማታውቀው ሴት ላይ ነው።

ይህ የድንበር ከተማ ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ታላቁ የሒሳብ ድርጅት ኬፒኤምጂ፣ በአሜሪካ ለባለጸጎች የሐሰት ኪሳራ የሚፈጥሩ ዕቅዶችን መሸጡን አምኖ 456 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ደረጃዎች ቦርድ በ2024 ያወጣው ደንብም፣ ባለሙያው ተኣማኒ የሕግ መሠረት የሌለውን ዕቅድ እንዳይመክር ይከለክላል፤ መሠረት ቢኖረውም እንኳ መዘዙን ቆም ብሎ እንዲመዝን ያዝዘዋል።

በሞያሌ ይህን ሚዛን ለመያዝ አንድ ቀላል መንገድ አለ። ውሉ ሁሉም ሸሪኮች በተሰበሰቡበት፣ አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ፣ ሶማልኛም ይሁን ስዋሂሊ፣ እያንዳንዱ በሚገባው ቋንቋ ይነበብ። ማን ምን እንደሚያገኝ፣ ማን ምን እንደሚከፍል፣ ዕዳ ቢመጣ ማን እንደሚጠራ ይነገር። አክስቲቱ ሰምታ ከተስማማች፣ ድርሻዋም የእውነት ድርሻ ከሆነ፣ አማካሪው ይፈርም። ደንበኛው ውሉ እንዳይነበብ ከለመነ ግን አማካሪው ብዕሩን ያስቀምጥ፤ ያን ቀን የሚቀርበትም የአገልግሎት ክፍያው ብቻ ነው።