ምክንያትን ስለ መመርመር

የሰው ልጅ አእምሮው ያልደረሰበት ነገር በገጠመው ጊዜ ምክንያቱን መርምሮ ማግኘት ይገባዋል ወይስ ነገሩን ለፈጣሪ ትቶ በጸሎት መጽናት ይሻለዋል የሚለው ጥያቄ በሊቃውንት ጉባኤ ብቻ የሚነሣ ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው መንገድ በምትገኘው በይፋግ፥ ቀድሞ የሲራራ ነጋዴ ይገበያይባት በነበረችው ከተማ፥ ይህ ጥያቄ በአንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ፥ ተነሥቶ ወዲያው በሚጠፋ አዲስ ኮምፒውተር ፊት ሲነሣ ሰምቻለሁ።

የቤቱ ባለቤት ወጣት ነው። ማዘርቦርዱን፥ ፕሮሰሰሩን፥ ራሙንና ፓወር ሰፕላዩን አንዳንዱን ከባሕር ዳር፥ አንዳንዱን ከአዲስ አበባ አስመጥቶ በገዛ እጁ ከገጣጠመ በኋላ ቁልፉን ሲጫነው ፋኑ ይዞራል፥ የአምራቹም ምልክት በስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል፥ ነገር ግን ዊንዶውስ ሳይከፈት ድርግም ብሎ ይጠፋል፤ ጥቂት ቆይቶም ማንም ሳይነካው ተነሥቶ እንደ ገና ይጠፋል። በዚያ የነበሩት ሰዎች ፍርዳቸውን ለመስጠት አልዘገዩም፤ አንዱ ነጋዴው ያገለገለ ዕቃ ሸጦለታል አለ፥ ሁለተኛው በመሸ ጊዜ የሚዋዥቀውን መብራት ከሰሰ፥ አንዲት እናት ደግሞ የሰው ዓይን ነው ብለው ጠበል እንዲረጭበት መከሩ። (ወጣቱም፥ «ከኬዙ ውጭ ብቻ ከሆነ ግድ የለኝም፥ እማማ» አላቸው።) የተማርሁ ነኝ የሚል ሰው በእኒህ እናት ስቆ ሁለቱን ሰዎች ያከብር ይሆናል፤ እኔ ግን ሦስቱም ሳይፈትኑ ስለ ፈረዱ በመካከላቸው ልዩነት አላየሁም፤ ያለ ማስረጃ በሰይጣን ላይ መፍረድና ያለ ማስረጃ በፓወር ሰፕላይ ላይ መፍረድ አንድ ዓይነት ችኰላ ነው።

ከመፍረድ በፊት መቆየት እንዲገባ የሚያስረዳ ነገር በራሱ በኮምፒውተሩ ጠባይ ውስጥ አለ። ዲዲአር 5 የሚባለው ራም መጀመሪያ በተገጠመ ጊዜ ማዘርቦርዱ ከራሙ ጋር የሚግባባበትን ልክ እስኪያገኝ ድረስ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ሊጨልም፥ ኮምፒውተሩም ራሱን ደጋግሞ ሊያስነሣ ይችላል፤ ይህ ሕመም አይደለም፥ ትዕግሥት የሌለው ሰው ግን ደኅናውን ዕቃ በሽተኛ ነው ብሎ ለሻጩ ይመልሳል። ወጣቱ ይህን ያውቅ ስለ ነበረ ጠበቀ፤ ጥበቃውም ባልፈየደ ጊዜ ካቻቪቴውን አንሥቶ ኬዙን ከፈተ።

ለሰንበቴ ማኅበር ጽሑፍ ሊያስጽፉ መጥተው የተቀመጡ አንድ የኔታ ሥራውን በትኵረት ይመለከቱ ነበርና፥ «ልጄ፥ ሁሉን አንድ ጊዜ ብትለውጠው አይቀልህም?» አሉት። «የኔታ፥ ሁሉን ብለውጠው ይድን ይሆናል፤ የትኛው እንደ ነበረ ግን ሳላውቅ እቀራለሁ» አለ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በ1843 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፉ፥ ሁለት ሁኔታዎች በአንድ ነገር ብቻ ተለያይተው ውጤታቸው ከተለያየ፥ ምክንያቱን በዚያ በአንዱ ነገር ዘንድ ፈልግ ብሎ የደነገገውን ሥርዓት፥ ወጣቱ የደራሲውን ስም ሳይሰማ ይሠራበት ነበር ማለት ነው። የኔታም ጥቂት አስበው፥ «የእኛ ትርጓሜ ይደረባል፥ የእናንተ ይቀነሳል» አሉ። እውነት ነው፤ የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማሪ በአንድ ቃል ላይ የተሰጡትን ልዩ ልዩ ፍቺዎች አንዱን በአንዱ ሳይሽር ሁሉንም በልቡ ያኖራል፥ የምሥጢር ጠባይ ይህን ይፈቅዳልና፤ በብልሹ ዕቃ ፊት የቆመ ሰው ግን ከግምቶቹ ሁሉ ፈተናውን ያላለፈውን መጣል አለበት።

በመጀመሪያ ግራፊክስ ካርዱን፥ ቀጥሎ ዲስኩን፥ ቀጥሎም ከሁለቱ ራሞች አንዱን እያወጣ በየጊዜው ቢያስነሣው ነገሩ ያው ሆነ፤ ከጎረቤት የተዋሰውን ፓወር ሰፕላይ ቢያገናኝበትም አልተለወጠም። በመጨረሻ በኬዙ ፊት ካለው የማስነሻ ቁልፍ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄዱትን ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ነቀለና፥ ሽቦዎቹ ተሰክተውባቸው የነበሩትን ሁለት ጥቃቅን እሾሆች በካቻቪቴው ጫፍ ለቅጽበት አገናኛቸው፤ ኮምፒውተሩም ተነሣ፥ ዊንዶውስም ተከፈተ፥ ከዚያም በኋላ አልጠፋም። ነገሩ እንዲህ ኖሯል፤ የቁልፉ ፕላስቲክ ዳሩ ሻካራ ስለ ሆነ ከተጫኑት በኋላ በቀዳዳው ተይዞ ይቀራል፥ አንዳንዴ ይላላል፥ አንዳንዴም መልሶ ይነካል፤ የማዘርቦርዱ ሥርዓት ደግሞ ቁልፉ ለአፍታ ሲነካ እንዲነሣ፥ 4 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ሲቆይ ግን ኃይሉን ቆርጦ እንዲጠፋ ነው።

እንግዲህ እምቢተኛ ስንለው የቆየነው ማሽን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲታዘዝ ነበር፤ ትእዛዙ ግን ማንም ሳያውቅ የሚሰጥ ትእዛዝ ነበር። ቅዱስ ባስልዮስ እግዚአብሔር የክፋት አስገኚ እንዳልሆነ፥ ክፋትም በራሱ ህልውና ያለው ፍጥረት እንዳልሆነ ሲያስተምር፥ ነፃ ፈቃድ የተሰጠውን ሰው በማሰብ ነውና ትምህርቱን ወደ ብረትና ወደ ፕላስቲክ ላወርደው አልደፍርም። ይሁን እንጂ ግዑዝ ነገር ከተሰጠው ሕግ ወጥቶ እንደማያምፅ፥ እኛ ብልሽት የምንለውም ሕጉ ከእኛ አሳብ ጋር ያልገጠመበት ስፍራ እንደ ሆነ በዚያ ቤት በዓይን ታይቷል። ስለዚህ ምክንያትን የሚመረምር ሰው የፈጣሪን ሥርዓት አይጠራጠርም፤ እንዲያውም ሥርዓቱ የጸና መሆኑን አስቀድሞ አምኖ ይነሣል። ሥርዓቱ የማይጸና ቢሆን ሽቦ ነቅሎ መሞከር ምን ይረባ ነበር?

በይፋግ በኩል በሚያልፈው በዚያው ጎዳና ከአዲስ ዘመን አልፎ በሚገኘው በእንፍራዝ፥ ሀብቱ በሚባል ሰው ቤት ልጆች እያስተማረ ኖረ የሚባለው ፈላስፋው ዘርዐ ያዕቆብ፥ ሁሉን በልቡና ብርሃን መርምሩ በማለቱ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ ሁለት ዓመት በዋሻ ሲቀመጥ መዝሙረ ዳዊትን ይዞ ይጸልይ እንደ ነበር ግን የሚያነሡለት ጥቂቶች ናቸው። ሐተታ በሚባለው መጽሐፉ ውስጥ የሚመረምረውና የሚጸልየው አንድ ሰው ነው። በ1667 እ.ኤ.አ. ተጻፈ የተባለው ይህ ሐተታ በእርግጥ የእርሱ ስለ መሆኑ፥ የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. የጣሊያናዊው መነኩሴ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ድርሰት ነው ብሎ ከጻፈ ወዲህ ክርክሩ አላበቃም፤ የፍልስፍና ሊቁ ክሎድ ሰምነር በበኩሉ ለዘርዐ ያዕቆብ ተሟግቶለታል። ይህ ክርክርም ከውጤት ተነሥቶ ምክንያትን መፈለግ ነው፥ ነገር ግን ያለፈ ዘመን ተመልሶ ስለማይፈተን በዚህ ስፍራ የሚነቀል ሽቦ የለም። ዓለም ስለ ምን ተገኘ፥ ሕፃን ስለ ምን ይሞታል የሚሉት ጥያቄዎችም እንዲሁ ናቸው፤ በእነርሱ ፊት ሰው ቢጸልይ ከምርመራ ሸሸ አይባልም። ሽቦው ሊነቀል በሚችልበት ስፍራ ግን ጸሎትን የስንፍና መሸፈኛ ማድረግ ጸሎቱንም ምርመራውንም መበደል ነው።

ለዚህ አባባሌ ከኮምፒውተር የከበደ ምስክር ይፋግ ባለችበት በሊቦ ከምከም ወረዳ አለ። ሰዎች በማይለቅ ትኩሳት እየከሱ ሲሞቱ፥ አካባቢው ወባ የሚገኝበት ስለ ሆነ በሽታው ወባ ነው ተባለ፥ የወባው መድኃኒት ባልሠራም ጊዜ መድኃኒቱን የተላመደ ወባ ነው ተባለ፤ በ1997 ዓ.ም. ሕሙማኑ በተመረመሩ ጊዜ ግን ከዚያ በፊት በአካባቢው ያልታወቀው፥ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ካላዛር ሆኖ ተገኘ፥ ሕክምናውም በአዲስ ዘመን ተከፈተ። ስለዚህ በሊቦም ሆነ በፎገራ የምትኖር አንባቢ ሆይ፥ ከቤተ ሰብህ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈ፥ ሰውነቱ የከሳ፥ በግራ ጎኑ በኩል ሆዱ ያበጠ ሰው ቢኖር ጸሎቱን ሳታስታጕል ወደ ጤና ጣቢያ ውሰደው፤ የወባ ብቻ ሳይሆን የካላዛርም ምርመራ እንዲደረግለት አንተው ራስህ ጠይቅ።