እግር ሳይደርስ ልብ ሲደርስ

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ሲባል መጀመሪያ የሚታየኝ ጤፍ ነው። ከጆንያ ወደ ሰፌድ ስትገለብጥ ሐሳቧ ምጣዱ ጋ የደረሰባት ሴት፣ ከአፈር የተቀላቀለውን ጤፍ አጎንብሳ ስትሰበስብ ትውላለች። ለሾፌርም፣ ለነጋዴም፣ ለተማሪም ይተረታል። ለሯጭስ? ጎህ ሳይቀድ ከሲኤምሲና ከአያት ተነሥተው በሰንዳፋ መንገድ ለልምምድ የሚወጡትን ልጆች «አትቸኩሉ» ማለት እንጀራቸውን ተዉ ከማለት አይተናነስም። መቸኮል ሥራቸው ነውና።

በሰኔ 2011 ዓ.ም. ስዊዘርላንድ ሎዛን ላይ በተደረገው የዳይመንድ ሊግ የ5 ሺህ ሜትር ውድድር ሐጎስ ገብረሕይወት ከሁሉም ቀድሞ መስመሩን አለፈና ደስታውን ገልጦ ቆመ። ግን አንድ ዙር ይቀር ነበር! ሌሎቹ ሲያልፉት ነቃ፤ እንደገና ሮጦ 10ኛ ወጣ። ያሸነፈው ዮሚፍ ቀጀልቻ ነው።

የሳቀበት ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን የሚያስቅ ነገር አላየሁበትም። 5 ሺህ ሜትር 12 ዙር ተኩል ነው፤ ሯጩ ያንኑ መስመር 13 ጊዜ ያልፈዋል፣ መስመሩም ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። የቀረውን ዙር የሚያሳይ ቁጥር ከጎኑ አለ፤ የመጨረሻው ዙር ሲጀመርም ደወል ይመታል። ነገር ግን ትንፋሽ ሲያጥር፣ የተፎካካሪ ኮቴ ከኋላ ሲሰማ፣ ትኩረት እየጠበበ ይሄድና ቁጥሩን ዓይን እያየው ልብ ሳያነበው ያልፋል። የሐጎስ እግር ያን ቀን ምንም አላጠፋም፤ ከሁሉም ፈጥኖ ነበር። ቀድሞ የደረሰው ልቡ ነው።

ቦሌ መንገድ ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ ባሠራው ዓለም ሕንፃ በኩል ሳልፍ የማስበው የሲድኒ ኦሊምፒክን አጨራረስ ነው። በመስከረም 1993 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሜትሩ ፍጻሜ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በመጨረሻው ዙር አፈትልኮ ወጣ። ኃይሌ ተከተለው፤ እስከ መጨረሻዎቹ እርምጃዎች ድረስም ከኋላው ነበር። ከዚያ 27:18.20 ለ27:18.29፣ በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀደመው። ይህን ድል «የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል» በሚለው መተርጎም ይቻል ይሆናል፤ እኔ ግን አልስማማም። በዚያ ዙር ኃይሌ ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ ይሮጥ ነበር፣ ማን ከእሱ በላይ ቸኮለ? ልቡ ግን የወርቁን ሜዳሊያ ትቶ ቴርጋት ጀርባ ላይ ተቀምጧል።

«የቸኮለች» የሚለው ተረት የማይሠራበትም ቦታ አለ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. አውስትራሊያ ባተርስት በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ለተሰንበት ግደይ እየመራች መጥታ መስመሩ ጥቂት እርምጃ ሲቀራት ወደቀች፤ ደግፈው ስላነሷትም ውጤቷ ተሰረዘ፤ አሸናፊዋ ቢያትሪስ ቼቤት ሆነች። በዚያ ሙቀት እስከዚያ ድረስ የመራችን ልጅ «ቸኩላ ነው» ማለት ግፍ ነው። ሐሳብ ሳይባክንም ሰውነት ያልቃል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ቡዳፔስት ላይ በ10 ሺህ ሜትር የብር ሜዳሊያ ወሰደች።

«ለቀመች» የሚለውን ሰው ሁሉ እንደ ቅጣት ይሰማዋል፤ እኔ ተስፋም አይበታለሁ። የሎዛን ዙር እንደ ጤፍ አይለቀምም፣ ያ ውድድር አልቋል። ሐጎስ የለቀመው ሌላ ቦታ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪጋ ላይ በጎዳና የ5 ኪሎ ሜትር የዓለም ሻምፒዮና በ12:59 አሸነፈ። በዚያው ዓመት ግንቦት ኦስሎ ላይ 5 ሺህ ሜትርን በ12:36.73 ጨረሰ፤ የዓለም ክብረ ወሰን ሊይዝ የቀረው ከ2 ሰከንድ ያነሰ ነበር። ቀነኒሳ በቀለ በ1996 ዓ.ም. ያስመዘገበውና ለ20 ዓመት ሳይደፈር የኖረው የ12:37.35 የኢትዮጵያ ክብረ ወሰን በዚያ ምሽት ተሻሻለ።